በመጻጉዕ ዋዜማ የተናገርኩት

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በሱሉልታ ከእኔ በላይ የምትጾም ልጅ የለችም ብዬም አምን ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አረማመዴ ግን ሳይናገረው አይቀርም። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ተከናንቤ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በመንገድ ዳር የተቀመጡ ሴቶች «ይቺን ልጅ ተመልከቱልኝ» ይላሉ። እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ። አንድም ቃል ግን አያመልጠኝም።

በዘወረደ ሳምንት ከቆሎና ከውሃ በቀር የቀመስኩት ነገር አልነበረም። ሌላው ሰው በዘጠኝ ሰዓት እህል ሲቀምስ እኔ እስከ አሥራ አንድ እቆያለሁ። እናቴ «ልጄ፣ አትጎጂ፤ ብዪ እንጂ» ስትለኝ ደስ ይለኛል። አባቴ ከሥራ ሲገባ ደግሞ እንዲያየኝ ብዬ ስግደቴን በሩ አጠገብ አደርገው ነበር። ዛሬ አርጅቼ ሳስበው ከዚያ ሁሉ ጾም ውስጥ እግዚአብሔር ዘንድ የደረሰው የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አብዛኛው መንገድ ላይ ለሰው ሲታደል ነው የቀረው።

ቤታችን ውስጥ አራት ነበርን። አባቴ ከወሎ የመጣ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው። እናቴ የቤት እመቤት ናት። በአራት ዓመት የምትበልጠኝ አንዲት እህት አለችኝ፤ «እትዬ» ነው የምላት። ሱሉልታ ያኔ በጎጃም መንገድ ዳር የተኮለኮሉ ቤቶችና ከኋላቸው የተዘረጋ ሜዳ ነበረች፤ ሰው የሚኖረው በወተትና በድርቆሽ ነው። ሁሉም ሁሉንም ያውቃል።

እትዬን ሰው ሁሉ ይወዳታል። ለምን እንደሚወዳት ልነግራችሁ አልችልም፤ ምንም አታደርግም። ትስቃለች። የሰው ልጅ ስታይ ታቅፋለች። ቅዳሴ ላይ ዘግይታ ትመጣለች፣ ከኋላ ትቆማለች፣ ሳይታወቅባት ትወጣለች። እኔ ከፊት ቆሜ እስከ መጨረሻው ጸንቼ ስወጣ ሴቶቹ የሚጠይቁኝ «እህትሽስ ደኅና ናት?» ብለው ነው። ይህ ያንገበግበኝ ነበር። ቅናት ነው የሚል ስም ግን አልሰጠሁትም። ለነፍሷ ማሰብ ነው ብዬ ነበር የምጠራው።

ከቤታችን ፊት ለፊት ከጅማ በኩል የመጡ ሙስሊም ባልና ሚስት ሱቅ ነበራቸው። ባለሱቋ ከውስጥ ክፍሏ የስፌት መኪና አስቀምጣ፣ እትዬ እዚያ እየሄደች የሰው ልብስ ትሰፋ ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ የራሷንም የሙሽራ ልብስ ትሰፋ ነበር። አዲስ አበባ የሚያስተምር አንድ ወጣት አጭቷት፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ተቆርጦ ነበር። ከገና ጀምሮ ያስላታል። የሱሉልታ ብርድ ነው አልን፤ እዚያ አገር ማን የማይስል አለና! በየካቲት መጀመሪያ ከባለሱቋ ጋር ጨርቅ ልንገዛ ነው ብለው አዲስ አበባ ሄደው አምሽተው ተመለሱ። እትዬ ያን ቀን እራት አልበላችም። ደከመኝ ብላ ተኛች።

በምኩራብ ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ እናቴ ላምባ ግዢ ብላ ላከችኝ። ሱቁ ፊት ሰው አልነበረም። እንደ ልማዴ መጋረጃውን ገልጬ ወደ ውስጥ ልገባ ስል አየኋት። እትዬ ከስፌት መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በሁለት እጇ ጣሳ ይዛ ትጠጣለች። ባለሱቋ አጠገቧ ቆማ «ጨርሺው፤ ትንሽ ነው የቀረው» ትላታለች። ጣሳውን ስታወርደው የላይኛው ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ወተት ነው። ገና አምስት ሰዓት አልሆነም።

መጋረጃውን ቀስ ብዬ መልሼ ወጣሁ። አላዩኝም። ቤት ስገባ ለእናቴ «ሱቁ ዝግ ነው» አልኳት። በጾም አፌ የዋሸሁት ውሸት መሆኑ እንኳ ትዝ አላለኝም።

እውነቱን ልናገር ከተባለ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም። ደስታ ነበር። ሰው ሁሉ የሚወዳት እህቴ በሁዳዴ፣ ያውም በሙስሊም ቤት ተደብቃ ወተት ትጠጣለች፤ ይህን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ደስታ እንደ ከረሜላ ሳላምጥ አደርኩ። ጠዋት ግን ቁጣ መስሎ ታየኝ። ስለዚህ የጽድቅ ቁጣ ነው አልኩ።

ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። የቤተሰባችን ሁሉ አባት ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ቆምኩ።

«አባ፣ ሰው ጾም ሲሽር ያየ ሰው ምን ማድረግ አለበት?» አልኳቸው።

«ማንን አየሽ?»

«እትዬን። ወተት ስትጠጣ። ባለሱቋ ቤት።»

መቋሚያቸውን ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ አዛወሩ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ልደግመው ስል ቀና ብለው አዩኝ።

«ስለ ራስሽ ምን ይዘሽ መጣሽ፣ ልጄ?»

«እኔማ እየጾምኩ ነው አባ። እንዲያውም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምቆየው።»

«እሱን ሆድሽ ያውቀዋል። ልብሽን ነው የጠየቅኩሽ።»

እሳቸውም ጠብቀው ጠብቀው፣ «ያየሽውን እዚሁ እኔ ዘንድ ተዪው። ለማንም አትናገሪ። ለእናትሽም ቢሆን። ሰማሽኝ?» አሉኝ።

«ሰማሁ» አልኩና መስቀል ተሳልሜ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ግን በሳቸው ላይ ስፈርድ ነበር የሄድኩት። እርጅና ነው፣ ወይም ቤታችን በበዓል ስለሚጋበዙ ነው የሚያልፏት አልኩ። አንድ ቀን አልቆየሁም።

ማግስቱ ቅዳሜ፣ የመጻጉዕ ዋዜማ ነበር። እናቴና የማኅበር ጓደኛዋ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እናቴ ብቻዋን እስክትሆን መጠበቅ እችል ነበር። ይህን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ መጠበቅ እችል ነበር። ሴትዮዋ ግን በዚያች ሰዓት፣ «እናንተ ቤት መቼም ሁለቱም ልጆች የተባረኩ ናቸው» አለች። ሁለቱም የሚለው ቃል ነው መሰል አፌን የከፈተው።

«እትዬ ሁዳዴን እየበላች ነው» አልኩ። «ባለሱቋ ቤት ወተት ትጠጣለች። በዓይኔ ነው ያየኋት።»

የእናቴ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ አማተበች። ትንሽ እንደተቀመጠች ሥራ አለብኝ ብላ ነጠላዋን አነሳች። ወሬው ከእሷ ጋር አብሮ እንደወጣ ሁለታችንም አውቀናል።

ማታ እትዬ ስትገባ እናቴ በሩ ላይ ነው የያዘቻት።

«እውነት ነው የምሰማው? በእስላም ቤት ጾም ትሽሪያለሽ?»

እትዬ መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። አልተቆጣችም። «አንቺ ነሽ?» አለችኝ ዝግ ብላ። እኔ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ፤ መቼም ለምጄዋለሁ።

«ለእኔ መልሽልኝ!» አለች እናቴ።

«እውነት ነው እማዬ።»

«ምን አጥተሽ? ምን ጎድሎሽ? ልታገቢ ነው እኮ! ሰልማለች ቢሉሽ ያ ልጅ ይወስድሻል? የአባትሽን ስም የት ልታደርሺው ነው?»

እትዬ አፏን ከፈተች። አንድ ነገር ልትናገር እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ትንፋሽ ስባ ነበር። ከዚያ መልሳ ዘጋችው። «ሁለተኛ አልጠጣም» አለች። እናቴ ማይልኝ አለቻት። ማለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ሱቁ እንዳትሄድ፣ ሙሽራ ናትና ከቤት እንዳትወጣ ተባለ።

በማግስቱ እሑድ ስለ መጻጉዕ ተነበበ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ «ሰው የለኝም» ስላለው በሽተኛ። ከፊት ቆሜ ጥርት አድርጌ ሰማሁት። የቤቴን ሰው የሚነካ ነገር አለበት ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከሦስት ቀን በኋላ ባለሱቋ ወደ በራችን መጣች። ያን ያህል ዓመት ጎረቤት ሆነን በእንዲህ ያለ ሁኔታ መጥታ አታውቅም፤ ሻሿን እንኳ በወጉ አላሰረችም። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አለቻት ለእናቴ።

«ልጄን ተይልኝ። ከእንግዲህ ሌላ የምንነጋገረው የለንም» አለች እናቴ በሩን በእጇ ይዛ።

እኔ ከውስጥ ሆኜ ሁለቱንም አያለሁ። እትዬ ከእናቴ ጀርባ ቆማ ነበር። ባለሱቋ ቀና ብላ ስታያት እትዬ ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም፣ አትናገሪ ማለቷ ነው። ባለሱቋ ከንፈሯን ነክሳ ተመለሰች። የሁለት ጥፋተኞች ምስጢር መሰለኝ። ከተማው ውስጥም ክርስቲያኑ ከሱቁ መግዛት እየተወ መጣ። ልጂቱን ሊያሰልሟት ነበር ተብሎ ነበር።

ንስሐ አባታችንም አንድ ቀን መጥተው እትዬን ብቻዋን አነጋገሯት። ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። እኔን ሲያዩ ሰላም አሉኝ፤ መስቀሉን ግን አልሰጡኝም።

ከዚያ በኋላ እትዬ የጾመችውን ጾም እኔ እንኳ አልጾምኩትም። ስታስል አፏን በትራስ ታፍናለች። ጉንጯ ይቀላል፤ የሙሽራ ወዝ ነው ተባለ። የሙሽራ ልብሷ በወገቧ ላይ ሲሰፋት እናቴ ጠበብ አድርጋ ሰፋችላት። እኔ ደግሞ ነፍሷን አተረፍኩ ብዬ በልቤ አመሰግን ነበር። አንድ ማታ እግሯን በሙቅ ውሃ ሳጥብላት ቁርጭምጭሚቷ እንዴት እንደቀጠነ አይቼ ደነገጥኩ፤ ምነው ብዬ ግን አልጠየቅኳትም። የጾም ነው አልኩ። ጾም ላይ ስለነበርኩ የማየውን ሁሉ በጾም ነበር የምፈታው።

ስቅለት መጣ። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶ ይሰግዳል። እትዬ አልቀርም ብላ መጥታ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ሳይሆን ከእናቴና ከእኔ ጋር ከፊት ቆመች። «ኪርያላይሶን» እየተባለ ይወደቃል፣ ይነሳል። ስምንት ሰዓት አካባቢ ይመስለኛል፣ እሷ ወድቃ አልተነሳችም። የምታለቅስ መስሎኝ እንድትነሳ ትከሻዋን ነካ አደረግኋት። ስትዞር ነጠላዋ ከአፏ እስከ ደረቷ ደም ነበር።

እናቴ የጮኸችውን ጩኸት እዚህ መጻፍ አልችልም። ሰው ገለል አለ። ንስሐ አባታችን መጽሐፉን ለሌላ ቄስ ሰጥተው እየሮጡ መጡ፤ ሽማግሌ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። መሬት ላይ ተንበርክከው ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው «ልጄን! ልጄን!» አሉ። ሲያለቅሱ አየኋቸው።

መኪና የተገኘው ከአንድ ድርቆሽ ነጋዴ ነው። ኦቦ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ የጫኑትን አውርደው ባዶውን ካሚዮን ይዘው መጡ። እትዬን አቅፈው ከፊት ሲያስገቧት «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ልጄ፣ አትፍሪ» ይሏታል። እናቴ ከፊት ደግፋት ተቀመጠች። አባቴና እኔ ከኋላ የድርቆሽ ብናኝ ላይ ተቀምጠን እንጦጦን ተሻገርን። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ወተት ስትጠጣ ያየሻት ጊዜ፣ ለምን እንደምትጠጣ ጠየቅሻት?» አለኝ።

«አልጠየቅኋትም» አልኩት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መዝገብ አስመጣ። ስሟ አለ። በየካቲት መጀመሪያ ተመርምራ የሳንባ በሽታ እንዳለባት ተነግሯት ነበር። በየቀኑ የምትወጋው መርፌ ታዞላታል፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ሳታቋርጥ እንድትመገብ ተነግሯታል። ሐኪሙ በአስተርጓሚ «መርፌውን ያስቆማት ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የምን መርፌ እንደሆነ እንኳ የምናውቅ አልነበርንም። የጤና ጣቢያችን ድሬሰር ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ሱቁ ጓሮ እየመጣ ይወጋት እንደነበር፣ ምስጢሯን እንዳያወጣም አስምላው እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። ከሱቁ ስናግዳት ወተቱን ብቻ አልነበረም የከለከልናት።

ለምን እንደደበቀች እናቴ ወዲያው ገባት። የእናቴ ታናሽ ወንድም በዚሁ በሽታ ነበር የሞተው። ያን ጊዜ የተኛበትን ፍራሽ አቃጥለን፣ የጠጣበትን ዋንጫ ቀበርን፤ ለቅሶው ላይ እንኳ ሰው ከሩቅ ነው የቆመው። እትዬ ይህን ሁሉ አይታለች። መርፌዋን ጨርሳ፣ ድና፣ አግብታ ልትነግረን ነበር ያሰበችው።

በፋሲካ ጠዋት ነርሷ እንቁላልና ወተት በሳህን አመጣችላት። ጾሙ ተፈትቷል፤ ለሁሉም ሰው ተፈቅዷል። እናቴ ወተቱን በማንኪያ ወደ አፏ አስጠጋች። «ጠጪልኝ እናቴ፣ ጠጪልኝ» ትላታለች። አንድ ማንኪያ ገባ። ሁለተኛው በአገጯ ወረደ። እናቴ በነጠላዋ ጠረገችላትና ሦስተኛውን ቀዳች። እንደገና ወረደ። እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንዲህ ስታደርግ ቆየች።

እጮኛዋ ሰኞ መጣ። መሐረብ አፉ ላይ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ አልገባም። «እግዚአብሔር ይማርሽ» አላትና ሄደ። አልፈርድበትም። ፈርጄ አይቻለሁ።

ብቻችንን የሆንነው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ከነርሷ ጋር ወጥታ ነበር። አልጋው ሥር ተንበርክኬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ያየሁበትን ቀን፣ የተሰማኝን ደስታ፣ አባ አትናገሪ እንዳሉኝ፣ ሴትዮዋ ባለችበት እንደተናገርኩ። ስታዳምጠኝ ዓይኗ ጣራው ላይ ነበር።

«ተሽሎኝ ነበር እኮ» አለች። «ትኩሳቱ ለቆኝ ነበር። እስከ ፋሲካ የምችለው መስሎኝ ነበር።»

«ይቅር በይኝ እትዬ።»

ፊቷን ወደ እኔ መልሳ፣ «ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር» አለችኝ። «ከሰው ሁሉ ላንቺ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ታስፈሪኝ ነበር። ጾመኛ ነሻ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። አላልኩሽም አላለችም። ሳል ያዛትና እናቴ ገባች። ፋሲካ በዋለ በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ልትዳርበት የሰፋችውን ልብስ ለብሳ ተቀበረች፤ እናቴ ያጠበበችውን ስፌት ራሷ ተርትራ መልሳ አሰፋችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ በዚህ ጊዜ ስለ ራሴ ብቻ። ጨርሼ ቀና ስል እሳቸውም አጎንብሰው ነበር።

«ወተቱን እንድትጠጣ የፈቀድኩላት እኔ ነበርኩ» አሉኝ። «ለበሽተኛ የተፈቀደ ነው። በንስሐ ነግራኝ ነበር።»

ጮህኩ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

«የእሷን ንስሐ ላንቺ እንዴት ልንገርሽ? ተዪው አልኩሽ። ከዚያ በላይ አፍ አልነበረኝም። ወሬው ከወጣ በኋላ ቤታችሁ መጥቼ ለእናትሽ ንገሪያት ብዬ ለመንኳት። እስከ ፋሲካ አባ፣ እስከ ፋሲካ አለችኝ። ጨክኜ አላስገደድኳትም። እኔም የምጠየቅበት አለኝ።»

ከባድ ቀኖና እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። በሺህ የሚቆጠር ስግደት፣ የዓመት ጾም፣ የፈለጉትን።

«አልሰጥሽም» አሉ። «ስግደትማ ትወጃለሽ። እሱ ላንቺ ቅጣት አይደለም። ባለሱቋ ዘንድ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ። ከዚያ ያ ነገር በተወራበት ማኅበር ፊት ቆመሽ እውነቱን ተናገሪ። በሚመጣው ሁዳዴ ደግሞ ሰው በሚበላበት ሰዓት ብዪ፤ አንዲት ሰዓት እንዳትጨምሪ።»

ሁለተኛው ነው የከበደኝ። እውነቱን መናገር ማለት እትዬ በዚያ በሽታ እንደሞተች መናገር ነው። እናቴ ከሆስፒታል ከተመለስን ወዲህ ከምግብ ቅረቢ ከውሃ ቅጂ በቀር አነጋግራኝ አታውቅም። ፈራ ተባ እያልኩ አባ ያዘዙኝን ነገርኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ ነበር።

«ሃይማኖቷን ሸጣ ሞተች ከሚሏት፣ ታማ ሞተች ይበሏት» አለች። «ሂጂ፣ ተናገሪ።»

ማኅበሩ በተሰበሰበበት ቀን ሴቶቹ ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ያቺ ምስር ስትለቅም የነበረችው ሴትዮ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። አንዷ ብቻ «ምነው ልጄ፣ ምነው?» አለች። የቀሩት ፊታቸውን አዞሩ። እነዚያ «ይቺን ልጅ ተመልከቱልኝ» ይሉ የነበሩ ናቸው።

ባለሱቋ ቤት የሄድኩት ከዚያ በፊት ነው። ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ግቢ አላለችኝም፤ ውጪም አላለችኝም። የመጣሁበትን ተናገርኩ፤ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ይዛ አቆመችኝ።

«ተዪ፣ ቁሚ» አለችኝ። «ያን ቀን እናንተ በር ላይ ቃሌን አፍርሼ ጮኼ መናገር ነበረብኝ። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«እርስዎ ምን አጠፉ?»

«ወተቱን አሙቄ ስሰጣት እኮ ወዲያው አትጠጣውም ነበር። መጀመሪያ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያናችሁ ታዞራለች። ‹ይቅር በለኝ፣ ለሆዴ አይደለም፣ ልድን ነው› ትላለች። ከዚያ አማትባ ትጠጣለች። በየቀኑ። አንድም ቀን ሳትል ጠጥታ አታውቅም። እኔ በሃይማኖቴ ሌላ ነኝ፤ ግን እንዲህ እያለ የሚጾም ሰው አላየሁም።»

እዚያው ሱቁ መሐል ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ተቀምጣ አብራኝ አለቀሰች። ይቅር ብዬሻለሁ አለችኝ፤ በአፏ ብቻ አልነበረም። ሱቁ ግን አላገገመም። የተናገርኩት እውነት እንደ መጀመሪያው ወሬ ፈጥኖ አልሄደም፤ ሰውም አንዴ ሌላ ቦታ መግዛት ለምዷል። ክረምቱ እንደወጣ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ቡራዩ ሄዱ። ስንሰናበት የእትዬን መርፌና ክር ልትሰጠኝ አውጥታ፣ ወዲያው ሐሳቧን ለውጣ ከዕቃዋ ጋር አስገባችው። «ይህ እኔ ዘንድ ይሁን» አለች። እውነቷን ነው።

የሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ እንደታዘዝኩት በዘጠኝ ሰዓት ከሰው ጋር እበላ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ከየትኛውም ጾም የከበደ ነበር። ቁራሹን ስጎርስ የማልጾም፣ የማልጸድቅ፣ ተራ ሰው መሆኔንም አብሬ እውጣለሁ። ከምግቡ በኋላ ብቻዬን ስሆን ቀኑን መለስ ብዬ አያለሁ፤ ዛሬ ማንን አየሁ፣ አይቼው ምን አልኩ፣ ጠይቄው ነበር ወይ? መልሱ ብዙ ቀን አያኮራም ነበር። አሁንም አያኮራም።

ስቅለት ሲደርስ ወደዚያች ከፊት ወዳለችው ቦታ መሄድ አቃተኝ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ሰዓቱ ስምንት ሲሆን የበሩን መቃን ያዝኩ። ያኔ እናቴ ከፊት ሰዉን እየገፋች ስትመጣ አየኋት። ምንም ሳትናገር አጠገቤ ቆመች። ስወድቅ ወደቀች፤ ስነሳ ተነሳች። ዓመት ሙሉ ይህን ያህል ቀርባኝ አታውቅም፤ ትንፋሿን እሰማ ነበር። አባ በመጨረሻ በወይራ ቅጠሉ ጀርባዬን ነካ ነካ አድርገው እንደማንኛውም ሰው አርባ አንድ ስገጂ አሉኝ።

ስንመለስ እናቴ ጉልበቷን አሟት መራመድ አቃታት። ክንዷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ ክብደቷን ጣለችብኝ። እስከ ቤት ድረስ እንዲሁ ሄድን። ይቅር አለችኝ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ስታነጋግረኝ ኖራለች፤ ስዳር መርቃኛለች፤ ሰበታ ቤቴ ድረስ መጥታ ልጆቼን ስወልድ አርሳኛለች። የእትዬን ነገር ግን እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ እኔም አላነሳሁባትም። ፈርቼ ነው። ይህንንም አሁን ከምናዘዛቸው ኃጢአቶቼ ጋር እቆጥረዋለሁ።